ስደተኛው አያት

በዛሬው ትምህርታችን የአንድ አያትን ታሪክ እናነባለን። ብዙዎቻችሁ አያት አላችሁ። አያት ተረት ይነግራል፣ ይመርቃል፣ ሲያጠፉም ይገሥጻል፤ እናትና አባት ሲቆጡ ደግሞ ሮጠው የሚጠጉት አያት ዘንድ ነው።

ታሪካቸውን የምናነብላቸው አያት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስለ መንግሥታቸው ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ መልካሙንም ጉድለቱንም ሰዎች እስከ ዛሬ ይነጋገሩበታል። እኛ ግን የምናነበው አገራቸው በጠላት ተይዛ በሰው አገር በስደት በተቀመጡ ጊዜ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደኖሩ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ልጅ

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ከተማ ብዙ በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ነበር። ትርጓሜውም የሥላሴ ኃይል ማለት ነው። አባታቸው በዐድዋ ጦርነት የዘመቱት ልዑል ራስ መኮንን ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ብዙ ሕዝብ የሚሳለመውን የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን በመጀመሪያ ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው።

እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዐሊ ተፈሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ስለዚህ ተፈሪ የእናታቸውን መልክ ሳያውቁ አደጉ። አባታቸውም በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሥተው ሳለ በመንገድ ታመሙና በቁልቢ ዐረፉ። ያን ጊዜ ልጁ ተፈሪ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ልጆች፣ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት። የዚህን አያት ታሪክ የምንረዳው ከዚህ ተነሥተን ነውና። አባትና እናት ማጣት ምን እንደሆነ በራሳቸው ሕይወት ያወቁት ገና በልጅነታቸው ነው።

ቤተሰባቸው

ተፈሪ ካደጉ በኋላ በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነን አስፋውን አገቡ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ዘውድ ደፉ። ስመ መንግሥታቸውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባለ።

ሴቶች ልጆቻቸው አራት ነበሩ። ታላቋ ልዕልት ሮማነወርቅ ስትባል ከእቴጌ መነን ጋር ከመጋባታቸው በፊት የተወለደች ናት። ከእርሷ ቀጥሎ ተናኘወርቅ፣ ዘነበወርቅና ፀሐይ ተወለዱ። ወንዶቹ ልጆቻቸው ደግሞ አስፋ ወሰን፣ መኮንንና ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ልዕልት ዘነበወርቅ ጦርነቱ ሳይመጣ በወጣትነቷ ዐረፈች። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው።

ልዕልት ተናኘወርቅ ራስ ደስታ ዳምጠውን አግብታ ስድስት ልጆች ወለደች። ከእነዚህ አራቱ ሴቶች፣ ሁለቱ ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ አይዳ፣ ሂሩት፣ ሰብለና ሶፍያ ይባላሉ። ወንዶቹ ደግሞ አምኃና እስክንድር ናቸው። እነዚህ የልጅ ልጆች አያታቸውን አባባ ጃንሆይ እያሉ ይጠሩ ነበር።

የስደት መንገድ

በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰሜንና በደቡብ በኩል አገራችንን ወረረ። ጠላት በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ እያፈሰሰ ሕዝቡን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በማይጨው ከተዋጉ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያም በመርከብ ወደ ቅድስት አገር ተሻግረው ኢየሩሳሌም ገቡ። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ በስዊዘርላንድ አገር በጄኔቭ ከተማ ለተሰበሰቡት መንግሥታት የሕዝባቸውን በደል አሰሙ። የተሰበሰቡት መንግሥታት ሰሟቸው እንጂ አልረዷቸውም።

ሁሉም አብረው አልወጡም። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ በኩል በሲዳማ ጦራቸውን ይዘው ጠላትን ይዋጉ ነበርና በአገር ቀሩ። ስለዚህ ልዕልት ተናኘወርቅ ስድስቱን ልጆች ይዛ ስትሰደድ ባለቤቷን በጦር ሜዳ ትታ ነው። የልዕልት ሮማነወርቅ ባለቤት ደጃዝማች በየነ መርዕድም እንዲሁ በደቡብ ይዋጉ ነበር። ልዕልት ሮማነወርቅም ከልጆቿ ጋር በአገር ቀረች።

ፌርፊልድ የተባለው ቤት

በ1928 ዓ.ም. ክረምት ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ባዝ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። ባዝ ከለንደን በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ እንደ አዲስ አበባ ፍል ውሃ ያላት ከተማ ናት። ብዙም ሳይቆዩ በከተማዋ ዳር ፌርፊልድ የሚባል ዐሥራ አራት ክፍል ያለው ቤት ገዝተው ቤተሰቡን ሰበሰቡ። ቤቱ ከፍ ያለ የግንብ አጥርና ሰፊ የአትክልት ቦታ ነበረው።

እስቲ ቤቱን በሐሳባችሁ ተመልከቱት። ታላቋ አይዳ ወደ ዐሥር ዓመት የምትጠጋ ልጅ ናት። ታናሹ እስክንድር ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የንጉሡ የመጨረሻ ልጅ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሣህለ ሥላሴ ለአይዳና ለሂሩት አጎታቸው ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም በዕድሜ ይበልጡታል። በአንድ ግቢ ውስጥ ከእኅቱ ልጆች የሚያንስ አጎት ነበረ ማለት ነው። አያትዬውም ሽማግሌ አልነበሩም፤ ገና የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበሩ።

በአዲስ አበባ ሳሉ ንጉሥን ለማየት ደጅ መጥናት ያስፈልግ ነበር። ከሌሊት ጀምሮ ዳኝነት፣ የመንግሥት ጉባኤ፣ መልእክተኛ መቀበልና ደብዳቤ መመልከት ነበረባቸው። በፌርፊልድ ግን ያ ሁሉ ቀረ። አያትና የልጅ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። ብዙ የተቀማው ንጉሥ በቤተ መንግሥት ሳሉ ያላገኙትን አንድ ነገር አገኙ፤ ይኸውም ከልጆች ጋር የሚሆኑበት ጊዜ ነው።

ኑሮው ግን የድሎት አልነበረም። ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ወጪው ከባድ ነበር፤ ከአገር ይዘውት የወጡትን የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደረሱ። ክረምቱም እጅግ ይበርዳል። እቴጌ መነን ብርዱና እርጥበቱ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም እየሄዱ ይቀመጡ ነበር። በቤተልሔም ጌታችን በተወለደበት ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች ዘውዳቸውን ለእመቤታችን ሊሰጡ ተሳሉ። አያትየዋ እንዲህ በቅድስት አገር ሲጸልዩ አያትዬው በባዝ ልጆቹን ይጠብቁ ነበር።

የመስታወት ጸሎት ቤት

በባዝ ከተማ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ስለዚህ በፌርፊልድ ግቢ ከነበሩት የመስታወት ቤቶች አንዱን ጸሎት ቤት አደረጉት። የመስታወት ቤት ማለት በብርድ አገር አትክልት እንዳይደርቅ የሚተከልበት፣ ግድግዳውና ጣሪያው መስታወት የሆነ ቤት ነው። አብረዋቸው የተሰደዱ ካህናት በዚያ ይጸልዩ ነበር። ቤተሰቡም አብሮ ይጸልይ ነበር።

ልጆች፣ አስቡት። ከውጭ የእንግሊዝ ዝናብ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ ከውስጥ የግእዝ ጸሎት ይሰማል። በዙሪያቸው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቻ ለሚሰሙ ለእነዚያ ሕፃናት የአገራቸው ድምፅ በዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ነበር።

ክፉው ወሬ

በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. ክፉ ወሬ መጣ። ራስ ደስታ ዳምጠው ለወራት በጫካ ሲዋጉ ቆይተው በጠላት እጅ ወደቁና የካቲት 17 ቀን ተገደሉ። ደጃዝማች በየነ መርዕድም በዚያው ሰሞን ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ወር ሁለት አማቾቻቸውን አጡ። ልዕልት ሮማነወርቅና ልጆቿም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ።

በፌርፊልድ የነበሩት ስድስቱ ልጆች በአንድ ቀን አባት የሌላቸው ሆኑ። በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው አባታቸውን በቁልቢ ያጡት ሰው አሁን ተመሳሳይ ኀዘን በልጅ ልጆቻቸው ፊት ላይ አዩት። አያት ለእነዚህ ልጆች ከዚያ ወዲያ አያት ብቻ አልነበሩም፤ የአባትንም ቦታ ያዙ። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ የዮሴፍን ልጆች ኤፍሬምንና ምናሴን እንደ ገዛ ልጆቹ አድርጎ እንደቆጠራቸው ተምራችኋል። እዚህም የሆነው ይህን የሚመስል ነው።

በቤቱ ያዘነው አንድ አያት ብቻ አልነበረም። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉም አብረው ተሰድደው ነበር። እርሳቸውም በዚያው ዓመት ሦስት ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋ ወሰን በጠላት እጅ ተገድለውባቸዋል። ሁለቱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ከግንቡ አጥር ውስጥ በአትክልቱ መካከል አብረው ይመላለሱ ነበር። ልባቸው አዝኖ ሳለ ወደ ቤት ሲመለሱ የሚቀበሏቸው ልጆች ናቸው። ሕፃናት ያዘነን ሰው የማጽናናት ጸጋ አላቸው፤ እነርሱ ግን ይህን አያውቁትም።

በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ የሕይወታቸውን ታሪክ ማጻፍ ጀመሩ። ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ የተባለው መጽሐፍ የተጀመረው በዚያ ቤት ነው፤ ታትሞ የወጣው ግን ብዙ ቆይቶ በ1965 ዓ.ም. ነበር።

አያት ወደ ትምህርት ቤት

ንጉሠ ነገሥቱ ኀዘን አለ ብለው የልጆቹን ትምህርት አላቋረጡም። የልጅ ልጆቻቸው የሆኑ ልጃገረዶች ከባዝ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሞልቨርን ከተማ ክላረንደን በሚባል የሴቶች ትምህርት ቤት ገቡ። አያትዬውም ወደዚያ ከተማ እየሄዱ ይቆዩ ነበር። በሞልቨርን ሳሉ የሚጸልዩበት የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን በቅድስት ሥላሴ ስም የተሠራ ነበር። ስማቸው የሥላሴ ኃይል የሆነው ስደተኛ በሰው አገርም የሥላሴን ስም አላጡም።

አንድ ሕፃን በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ዘመድ ሊጠይቀው ሲመጣ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ታውቃላችሁ። ለእነዚያ ልጃገረዶች የሚመጣው አያት በዓለም ጋዜጦች ሁሉ የታወቀ ንጉሥ ነበር። ለእነርሱ ግን አባባ ጃንሆይ ናቸው።

ሕፃናትን የምታስታምም ልዕልት

ታናሿ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ወደ እንግሊዝ አገር ስትገባ ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የንጉሥ ልጅ ነኝ ብላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ለንደን በሚገኘው በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ የነርስነት ሙያ ተማረች። እንደ ሌሎቹ ነርሶች የደንብ ልብስ ለብሳ፣ አልጋ እያነጠፈችና ሕሙማንን እያጠበች የእንግሊዝ ድኾችን ልጆች አስታመመች። በ1931 ዓ.ም. ትምህርቷን ፈጸመች። አባቷ ከሴት ልጃቸው ጋር በስደት ያገኙት ታላቁ ደስታ ይህ ነው ብንል አንሳሳትም፤ የተሰደደች ልጅ ለሕዝቧ የሚጠቅም ሙያ ይዛ ነበርና።

ወደ አገር መመለስ

በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመች። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ወር ቤተሰባቸውን በባዝ ትተው በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ሄዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ሲዋጉ ኖረዋልና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ቤተሰቡም ተከትሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። እቴጌ መነንም በስእለታቸው መሠረት ዘውዳቸውን ወደ ቤተልሔም ላኩ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አልተመለሱም። ልዕልት ሮማነወርቅ በጥቅምት ወር 1933 ዓ.ም. በምርኮ እንዳለች በኢጣልያ በቱሪን ከተማ ዐርፋ በዚያው ተቀበረች። አባቷ ወደ ኢትዮጵያ ሊገቡ ሦስት ወር ሲቀራቸው ነው። ልዕልት ፀሐይም በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. አግብታ ወደ ወለጋ ሄደች፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት ዐረፈች። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። አባቷ በስሟ በአዲስ አበባ ሆስፒታል አሠሩላት። የሕፃናት ነርስ የነበረችው ልዕልት ስሟ በሕሙማን ቤት ቆየ።

በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ዐረፉ። አምስት ወንዶች ልጆች አባት አጡ። ንጉሠ ነገሥቱ እነዚህንም የልጅ ልጆች ሰብስበው እንደ አባት ሆነው አሳደጓቸው። በፌርፊልድ የጀመሩትን በአዲስ አበባ ደገሙት።

ቤቱ ለአረጋውያን ተሰጠ

ንጉሠ ነገሥቱ ባዝን አልረሷትም። በ1947 ዓ.ም. ከተማዋን ሊጎበኙ ተመልሰው ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፌርፊልድን አልሸጡትም፤ ለባዝ ከተማ አረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን በነፃ ሰጡት። ሕፃናት ከአያታቸው ጋር የኖሩበት ቤት ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝ አያቶች መኖሪያ ሆነ። በስደት የተቀበላቸውን ሕዝብ ያመሰገኑት በዚህ ነው።

የመጨረሻው ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በወታደሮች ከዙፋናቸው ወረዱ። ያን ጊዜ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ልዕልት ተናኘወርቅና አራቱ ሴቶች ልጆቿ ታሰሩ። በፌርፊልድ ድክ ድክ ይል የነበረው እስክንድር አድጎ የባሕር ኃይል ከፍተኛ መኮንን ሆኖ ነበር፤ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከተገደሉት ስድሳ ሰዎች መካከል እርሱ አንዱ ሆነ። አያትዬውም ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ተለይተው በእስር ሳሉ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕይወታቸው በግፍ አለፈ።

ልዕልት ተናኘወርቅና ሴቶች ልጆቿ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ታስረው በ1980 ዓ.ም. ተፈቱ። የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በጸሎት ታጅቦ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ልዕልት ተናኘወርቅም በ1995 ዓ.ም. ዐርፋ በዚያው ካቴድራል ተቀበረች። አባትና ልጅ በመጨረሻ በአንድ ቦታ ተገናኙ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

ልጆች፣ ይህን ታሪክ ያነበብነው ንጉሥ ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። እኚህ አያት በስደት ብዙ ነገር አጥተው ነበር። ነገር ግን በእጃቸው የቀሩትን ልጆች አልናቁም። ራሳቸው ወላጅ አጥተው ስላደጉ ወላጅ ያጡትን ወደ ራሳቸው አስጠጉ። ደስታቸውም ኀዘን ከቀረ በኋላ የመጣ አይደለም፤ በኀዘኑ መካከል የነበረ ነው።

በሰፈራችሁ ወይም በክፍላችሁ አባት ወይም እናት የሌለው ልጅ ይኖር ይሆናል። ያን ልጅ ወደ ጨዋታችሁ አስገቡት፣ ምሳችሁንም አካፍሉት። አያት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ከትምህርት ስትመለሱ አጠገባቸው ተቀመጡ። ውኃ አቀብሏቸው፣ የልጅነታቸውን ታሪክ እንዲያጫውቷችሁ ጠይቋቸው። ለእናንተ ትንሽ ጊዜ ነው፤ ለእነርሱ ግን ትልቅ ደስታ ነው።

ጥያቄዎች

1. ልጅ ተፈሪ አባታቸውን ሲያጡ ስንት ዓመታቸው ነበር? አባታቸው ያረፉትስ የት ነው?
2. በፌርፊልድ ጸሎት ቤት የሆነው ምን ዓይነት ቤት ነበር?
3. በየካቲት 1929 ዓ.ም. በስድስቱ ልጆች ላይ የደረሰው ኀዘን ምንድን ነው? አያታቸውስ ምን አደረጉላቸው?
4. ልዕልት ፀሐይ በለንደን የተማረችው ሙያ ምንድን ነው?
5. ፌርፊልድ በመጨረሻ ለማን ተሰጠ?
6. በዚህ ሳምንት ከአያታችሁ ወይም ከጎረቤት አረጋዊ አንድ የልጅነት ታሪክ ጠይቃችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ለክፍላችሁ ተናገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።